የገደል ማሚቶ እና የጡት እብጠት

ከደሴ ተነሥቶ ወደ ወልድያ በሚያመራው አውራ ጎዳና 30 ኪሎ ሜትር ያህል የተጓዘ መንገደኛ ሐይቅ ከተማ ይደርሳል። ከተማዋ ስሟን ያገኘችበት ሐይቅ፣ በ13ኛው መቶ ክፍለ ዘመን አባ ኢየሱስ ሞዓ ደቀ መዛሙርት ያፈሩበት የእስጢፋኖስ ገዳምም በዚያው ይገኛሉ። ጉዞውን ወደ ውጫሌ የቀጠለ ደግሞ ወደ አምባሰል ተራሮች ይገባል። ለሙዚቃ ሰው አምባሰል ከአራቱ ቅኝቶቻችን የአንዱ መጠሪያ ነው፤ ለፊዚክስ ሰው ግን አምባሰል ከሁሉ አስቀድሞ ገደል ነው። ገደል ባለበት ስፍራ የገደል ማሚቶ አለ። እረኛው ከገደሉ ፊት ቆሞ ጓደኛውን ሲጣራ ድምፁ ይሄድና ከዐለቱ ጋር ተላትሞ ይመለሳል። ድምፅ በአየር ውስጥ በሴኮንድ 340 ሜትር ያህል ስለሚጓዝ፣ ጥሪው ከ2 ሴኮንድ በኋላ ተመልሶ ከተሰማ ገደሉ 340 ሜትር ርቆ ይገኛል ማለት ነው። ርቀቱ 680 ሜትር ያልሆነው ድምፁ መሄጃም መመለሻም ስላለው ነው። ጆሯችን ዋናውን ድምፅ ከተመላሹ ለይቶ ለመስማት የሴኮንድ አንድ አሥረኛ ያህል ስለሚያስፈልገው፣ ገደሉ ከ17 ሜትር ይልቅ የቀረበ ከሆነ ማሚቶው ከጥሪው ጋር ይደባለቃል።

ይህ ስሌት ለአንባቢዎቻችን አዲስ አይደለም። በዚህ ጽሑፍ ልናሳይ የምንሞክረው ይኸው ስሌት፣ ከቁጥሮቹ በቀር ምንም ሳይለወጥ፣ በአንዲት ወጣት ጡት ላይ የተገኘ እብጠት ምን ዓይነት እንደሆነ ለመመርመር እንዴት እንደሚያገለግል ነው። ርእሱን የመረጥነው ለፊዚክሱ ስንል ብቻ አይደለም። በሁለተኛ ደረጃና በዩኒቨርሲቲ የሚማሩ ወጣት ሴቶች እንዲህ ያለ እብጠት ሲያገኙ ብዙውን ጊዜ ለማንም ሳይናገሩ ወራት እንደሚያሳልፉ ይታወቃል። ዝምታው ከኃፍረት ይመነጫል፤ ከዚያ ያላነሰ ግን በምርመራው ክፍል ውስጥ ምን እንደሚደረግ ካለማወቅ ይመነጫል። ኃፍረቱን በአንድ ጽሑፍ ማስወገድ አንችልም። ምርመራውን ማስረዳት ግን የመምህር ሥራ ነው። ወንዶች አንባቢዎቻችንም ገጹን እንዳይገልጡት እንጠይቃለን፤ ከጡት ካንሰር ሕሙማን ከመቶ አንዱ ያህል ወንድ ነው፣ በብዙ ቤት ደግሞ የመኪና መሳፈሪያውን ገንዘብ የሚይዘው ወንድም ወይም አባት ነው።

እብጠቱ ምን ሊሆን ይችላል?

አንዲት የሐይቅ ከተማ የአሥራ አንደኛ ክፍል ተማሪ ገላዋን ስትታጠብ በጡቷ ውስጥ የባቄላ ፍሬ የሚያህል ነገር በጣቷ ነካች እንበል። በእርሷ ዕድሜ ዋነኛው ተጠርጣሪ ፋይብሮአዲኖማ የሚባለው እብጠት ነው። ይህ ከጡት ዕጢና ከደጋፊው ሕብረ ሕዋስ የሚያድግ፣ ካንሰር ያልሆነ እብጠት ሲሆን በይበልጥ የሚታየው ከ15 እስከ 35 ዓመት ባለው ዕድሜ ነው። ጠርዙ ለስላሳ ነው፤ ሲዳስሱት እንደ ላስቲክ ይለጠጣል፤ ሲጫኑት ከጣት ሥር እየተንሸራተተ ያመልጣል። ሁለተኛው ውኃ የቋጠረ ከረጢት፣ ማለትም ሲስት ነው፤ ይህ ግን በብዛት የሚገኘው ዕድሜያቸው ከ35 በላይ በሆኑ ሴቶች ላይ ነው። ሦስተኛው እብጠት እንኳ ሊባል አይገባውም፤ የወር አበባ ከመምጣቱ በፊት በሆርሞን ለውጥ ምክንያት የጡት ዕጢዎች ያብጡና ይጓጉላሉ፣ የወር አበባው ሲያበቃ ይሟሽሻሉ። የምታጠባ እናት ጡት ሲቀላና ሲያተኩስ መግል ቋጥሮ ሊሆን ይችላል። ካንሰርም ከእነዚህ መካከል አንዱ ነው፤ በአሥራዎቹና በሃያዎቹ መጀመሪያ ዕድሜ ግን እጅግ አልፎ አልፎ የሚያጋጥም ነው።

እዚህ ላይ ስለ ቃል ጥቂት ብንል አይከፋም። ወላጆቻችን ካንሰርን «ነቀርሳ» ይሉታል። ይሁንና «የሳንባ ነቀርሳ» ስንል ካንሰርን ሳይሆን የሳንባ ቲቢን ማለታችን ነው፤ ቲቢ ደግሞ በመድኃኒት የሚድን በባክቴሪያ የሚመጣ በሽታ ነው። ነገሩን የበለጠ የሚያወሳስበው ቲቢ ጥቂት ጊዜም ቢሆን ጡትን መያዙና በእብጠት መልክ መታየቱ ነው። ስለዚህ አንዲት አያት «ነቀርሳ ነው» ቢሉ ከሁለቱ የትኛውን እንዳሉ አናውቅም፤ ቃሉ በራሱ የሞት ፍርድ ተደርጎ መሰማቱ ግን በሁለቱም ላይ የሚፈጸም በደል ነው።

የሀገራችን ቁጥሮች ምን ይላሉ? የጡት ካንሰር በኢትዮጵያ ሴቶች ላይ ከሚከሠቱት የካንሰር ዓይነቶች ሁሉ ቀዳሚው ነው። እ.ኤ.አ. ለ2020 የወጣው ዓለም አቀፍ ግምት በአንድ ዓመት ከ16,000 በላይ አዳዲስ ሕሙማን እንዳሉ ያመለክታል። በጥቁር አንበሳ ሆስፒታል ሕክምና ያገኙ 1,070 ሴቶችን የተከታተለውና እ.ኤ.አ. በ2014 የታተመው ጥናት ደግሞ የሕሙማኑ አማካይ ዕድሜ 43 መሆኑን አሳይቷል። በአሜሪካ ይህ ዕድሜ ከ60 ይበልጣል። ከዚህ በመነሣት «በእኛ ሀገር ካንሰሩ ወጣቶችን ይመርጣል» የሚል ድምዳሜ በየቦታው ይሰማል፤ እኛ ግን ነገሩን ጠጋ ብሎ ማየት ይገባል እንላለን። በአንድ ከተማ ውስጥ በሠላሳዎቹ ዕድሜ የሚገኙ 60,000፣ በስድሳዎቹ የሚገኙ 10,000 ሴቶች አሉ እንበል። በዓመት ከወጣቶቹ 10,000 አንዷ፣ ከአረጋውያኑ ግን ከ10,000 ሦስቱ ቢታመሙ፣ ወደ ሆስፒታሉ የሚመጡት 6 ወጣቶችና 3 አረጋውያን ይሆናሉ። ለእያንዳንዷ ሴት አደጋው በዕድሜ ሦስት እጥፍ ጨምሮ ሳለ የሐኪሙ ወረፋ በወጣቶች ይሞላል። የኢትዮጵያ ሕዝብ በአብዛኛው ወጣት በመሆኑ አማካዩ ዕድሜ ዝቅ ከሚልባቸው ምክንያቶች ዋነኛው ይህ ነው። ስለዚህ የአሥራ ሰባት ዓመቷ ተማሪ «43» የሚለውን ቁጥር አይታ መደናገጥ የለባትም፤ የሠላሳ አምስት ዓመት እናቷ ደግሞ «ገና ወጣት ነኝ» ብላ ችላ ማለት የለባትም።

ማሚቶው በሰውነት ውስጥ

ወደ ገደሉ እንመለስ። በማሲንቆ የሚሰማ፣ በሴኮንድ 440 ጊዜ የሚርገበገብ ድምፅ በአየር ውስጥ የሞገድ ርዝመቱ 77 ሴንቲ ሜትር ያህል ነው። እንዲህ ያለ ሞገድ ከግዙፍ ገደል ጋር ሲገናኝ በሚገባ ይመለሳል፤ ከአንዲት ጠጠር ጋር ሲገናኝ ግን ጠጠሯ እንደሌለች ያህል ዙሪያዋን አልፎ ይሄዳል። ሕጉ ቀላል ነው። ሞገድ አጥርቶ የሚያሳየን ከራሱ የሞገድ ርዝመት የሚበልጡትን ነገሮች ነው። እንግዲህ የባቄላ ፍሬ የሚያህል እብጠትን፣ ይልቁንም የጠርዙን ቅርጽ፣ በድምፅ ለማየት የሞገዱ ርዝመት ከሚሊ ሜትር ማነስ አለበት። ይህም የሚገኘው ድግግሞሹን በማሳደግ ነው። የሰው ጆሮ የሚሰማው በሴኮንድ እስከ 20,000 ለሚደርስ ርግብግቢት ብቻ ነው፤ ከዚያ በላይ ያለውን አልትራሳውንድ እንለዋለን። ለጡት ምርመራ የሚያገለግለው ድግግሞሽ ከ7 እስከ 15 ሜጋ ኸርዝ ይደርሳል። በለስላሳ የሰውነት ክፍል ውስጥ ድምፅ በሴኮንድ 1,540 ሜትር ስለሚጓዝ፣ በ10 ሜጋ ኸርዝ የሞገዱ ርዝመት 0.15 ሚሊ ሜትር ይሆናል።

ይህን ድምፅ ምን ያመነጨዋል? እ.ኤ.አ. በ1880 ዣክና ፒየር ኩሪ የተባሉት ወንድማማቾች እንደ ኳርትዝ ያሉ አንዳንድ ክሪስታሎች ሲጨመቁ የኤሌክትሪክ ቮልቴጅ እንደሚፈጥሩ አገኙ። ተቃራኒውም እውነት ነው፤ ቮልቴጅ ሲሰጣቸው ይርገበገባሉ። በአንደኛው የዓለም ጦርነት ዘመን ፖል ላንዥቨን ይህንን ጠባይ ተጠቅሞ ባሕር ሰርጓጅ መርከቦችን በማሚቶ መፈለጊያ ሠራ። በተመሳሳይ ዘዴ የሐይቅን ጥልቀት እንለካ ብንል፣ ውኃው 80 ሜትር ጥልቀት ባለው ስፍራ ከጀልባ የተላከ ድምፅ ከሐይቁ ወለል ደርሶ ለመመለስ 0.11 ሴኮንድ ያህል ይበቃዋል። እ.ኤ.አ. በ1952 ደግሞ በሚኔሶታ ይሠሩ የነበሩት ሐኪሙ ጆን ዋይልድና መሐንዲሱ ጆን ሪድ 15 ሜጋ ኸርዝ በሚሆን ድምፅ የጡት እብጠቶችን መርምረው፣ ካንሰር የሆነውና ያልሆነው የሚመልሱት ማሚቶ የተለያየ መሆኑን አሳተሙ። ብዙዎቻችን አልትራሳውንድን የምናውቀው ከእርግዝና ክትትል ጋር አያይዘን ነው፤ የጡት እብጠት ግን ከመሣሪያው የመጀመሪያ ሥራዎች አንዱ እንደነበረ ልብ ይሏል።

በምርመራው ክፍል ውስጥ የሚደረገው የሚከተለው ነው። ተመርማሪዋ ወገቧን በልብሷ ሸፍና በአልጋ ላይ ትጋደማለች፤ በሚመረመረው ወገን ያለውን ክንዷን ከራስጌዋ ታደርጋለች። መርማሪው በቆዳዋ ላይ ቀዝቀዝ ያለ ጄል ይቀባል። ብዙ ሰው ይህ ጄል ለማለስለሻ ብቻ ይመስለዋል። ምክንያቱ ግን የፊዚክስ ነው። አንድ ድምፅ ከአንዱ ቁስ ወደ ሌላው ሲሻገር ምን ያህሉ እንደሚመለስ የሚወስነው የቁሱ እፍግታና በውስጡ ያለው የድምፅ ፍጥነት ሲባዙ የሚገኘው መጠን ነው፤ ይህንን መጠን አኮስቲክ ኢምፒዳንስ ይሉታል። የሁለቱን ቁሶች ኢምፒዳንስ ልዩነት ለድምራቸው አካፍለን ውጤቱን በራሱ ስናባዛ የሚመለሰውን የኃይል ድርሻ እናገኛለን። በሚሊዮን ተቆጥሮ የስብ ኢምፒዳንስ 1.38፣ የጡንቻ 1.70፣ የአየር ግን 0.0004 ነው። ከስብ ወደ ጡንቻ ሲያልፍ የሚመለሰው 1 በመቶ ብቻ ሲሆን 99 በመቶው ወደ ውስጥ ይዘልቃል። በመሣሪያውና በቆዳው መካከል ስስ የአየር ሽፋን ካለ ግን 99.9 በመቶው ገና ከደጅ ይመለሳል። ጄሉ ያንን አየር ያስወጣል። ተማሪዎቻችን ስሌቱን በወረቀት ላይ ሠርተው እንዲያረጋግጡት እንመክራለን፤ ሦስት መስመር አይፈጅም።

እብጠቱ ከቆዳው 2 ሴንቲ ሜትር ጠልቆ ቢገኝ ማሚቶው የሚመለሰው ከ26 ማይክሮ ሴኮንድ በኋላ ነው። ገደሉ 2 ሴኮንድ ሲፈጅበት እብጠቱ የሴኮንድ አንድ ሚሊዮንኛ 26 ጊዜ ይፈጅበታል፤ ስሌቱ ግን ያው የእረኛው ስሌት ነው። መሣሪያው ማሚቶዎቹን በሚመለሱበት ጊዜ ቅደም ተከተል እየደረደረ በስክሪኑ ላይ ብሩህና ጨለማ ነጥቦች ያደርጋቸዋል። ድግግሞሹ በጨመረ ቁጥር ሥዕሉ ይጠራል፤ ነገር ግን ድምፁ በጥልቀት እየተዋጠ ይሄዳል። በ10 ሜጋ ኸርዝ የተላከ ድምፅ 4 ሴንቲ ሜትር ወርዶ እስኪመለስ ድረስ ኃይሉ ወደ አሥር ሺህኛ ይወርዳል። ለፅንስ ምርመራ የሚያገለግለው ጠማማ ፊት ያለው መመርመሪያ ዝቅ ያለ ድግግሞሽ፣ 3.5 ሜጋ ኸርዝ ያህል፣ የሚጠቀመው በጥልቀት መዝለቅ ስላለበት ነው። ለጡት የሚስማማው ጠፍጣፋ ፊት ያለው ባለ ከፍተኛ ድግግሞሹ ነው። በየጤና ተቋሙ መሣሪያው ቢኖርም ይህ መመርመሪያ ላይኖር ስለሚችል፣ ወደ ሌላ ተቋም መላክ የባለሙያ ስንፍና ተደርጎ ሊታይ አይገባም።

አሁን ሥዕሉን እናንብብ። ሲስት በውስጡ ውኃ ብቻ ስላለ ማሚቶ የሚፈጥር ወሰን የለውም፤ በስክሪኑ ላይ ጥቁር ክብ ሆኖ ይታያል፣ ውኃው ድምፁን ስለማይውጠውም ከበስተጀርባው ያለው ሥጋ ከአካባቢው ይልቅ ይደምቃል። ፋይብሮአዲኖማ እንደ እንቁላል ሞላላ ነው፤ ጠርዙ ጥርት ያለ፣ ከቁመቱ ይልቅ ጎኑ የሰፋ፣ ከቆዳው ጋር ትይዩ ሆኖ የተኛ ነው። ካንሰር በአብዛኛው ጠርዙ የተቆራረጠ ነው፤ በዙሪያው ወዳለው ሥጋ እየዘለቀ ስለሚያድግ ከጎኑ ይልቅ ቁመቱ ሊበልጥ ይችላል፤ ድምፁን አጥብቆ ስለሚውጥም ብዙ ጊዜ ከበስተጀርባው ጥላ ይጥላል። ልዩነቱ ሁልጊዜ እንዲህ የጠራ አይደለም። ድንበር ላይ ያሉ እብጠቶች ባይኖሩ ኖሮ መርፌ ባላስፈለገ ነበር።

ኤክስሬይ ለምን አይቀድምም?

ስለ ጡት ምርመራ ሲወራ ብዙ ተማሪዎች ማሞግራፊን ያነሣሉ። ማሞግራፊ ዝቅተኛ ጉልበት ያለው የኤክስሬይ ጨረር የሚጠቀም ሲሆን በዕድሜ ለገፉ ሴቶች እጅግ ጠቃሚ መሣሪያ ነው። ለአሥራ ሰባት ዓመቷ ግን አይመረጥም፤ ዋናው ምክንያትም ብዙዎች እንደሚያስቡት የጨረር ፍርሃት አይደለም። በአንድ የማሞግራፊ ምርመራ የሚገኘው የጨረር መጠን ማናችንም ከአፈር፣ ከአየርና ከሰማይ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከምናገኘው ጋር የሚቀራረብ ነው። ዋናው ምክንያት የንጽጽር እጦት ነው። በ20 ኪሎ ኤሌክትሮን ቮልት ጉልበት የኤክስሬይ ጨረር በአንድ ሴንቲ ሜትር ውስጥ የሚዳከምበት መጠን በስብ 0.46፣ በጡት ዕጢ 0.80፣ በካንሰር 0.84 ያህል ነው። 1 ሴንቲ ሜትር የሆነ ካንሰር በስብ ውስጥ ቢገኝ በእርሱ በኩል የሚያልፈው ጨረር ከጎረቤቱ በ32 በመቶ ያንሳል፤ በፊልሙ ላይ ጎልቶ ይታያል። ያው እብጠት በዕጢ የተከበበ ከሆነ ልዩነቱ 4 በመቶ ብቻ ነው። የወጣት ጡት በአብዛኛው ዕጢ የበዛበት ነው፤ ዕድሜ ሲጨምር ስቡ ይበዛል። በወጣት ጡት ውስጥ በማሞግራፊ እብጠት መፈለግ በክረምት ጉም ውስጥ አምባሰል ላይ ነጭ በግ እንደመፈለግ ነው። ድምፅ ግን በሌላ ጠባይ፣ በኢምፒዳንስና በመዋጥ፣ ስለሚለይ እዚያ ላይ የተሻለ ያያል፤ አተሞችን ኤሌክትሮን የሚያሳጣ ጨረርም የለውም።

ሁለት ሳምንትና አንድ ዓመት

እብጠት ያገኘች ወጣት በመጀመሪያው ሌሊት እንቅልፍ አይወስዳትም። ይህን ሌሊት ጥቂት ሊያቀልላት የሚችል ስሌት አለ፤ ዝም ብላ እንዳትቀመጥ የሚያደርጋትም ያው ስሌት ነው።

አንድ ሕዋስ ጎኑ የሚሊ ሜትር አንድ መቶኛ ቢሆን፣ በ1 ኪዩቢክ ሴንቲ ሜትር ውስጥ አንድ ቢሊዮን ሕዋሳት ይኖራሉ። ከአንድ ተነሥቶ እየተከፈለ ቢሊዮን ለመድረስ 30 ጊዜ እጥፍ መሆን ያስፈልጋል። አንዱ እጥፍ 100 ቀን ይፈጅ ይሆናል ብለን ብንወስድ (በእርግጥ ከዕጢ ዕጢ በጣም ይለያያል፤ ሳምንታት የሚፈጅም፣ ከዓመት የሚበልጥም አለ) ጠቅላላው 3,000 ቀን፣ ማለትም ከ8 ዓመት በላይ ይሆናል። ስለዚህ ካንሰር እንኳ ቢሆን ዛሬ ማታ በጣት የተዳሰሰው እብጠት ዛሬ ማታ አልተወለደም። በሁለት ሳምንት ውስጥ ከ1 ሴንቲ ሜትር ወደ 1.03 ሴንቲ ሜትር ቢያድግ ነው። ፈተና እስኪያልቅ፣ የወር አበባ መጥቶ እስኪያልፍ መጠበቅ ምንም አያበላሽም። አንድ ዓመት ግን ሌላ ነገር ነው። በአንድ ዓመት ይዘቱ ከ12 እጥፍ በላይ ይጨምርና ስፋቱ 2.3 ሴንቲ ሜትር ይደርሳል። ሐኪሞች የካንሰርን ደረጃ ሲመድቡ 2 ሴንቲ ሜትር አንዱ የወሰን ድንጋይ ነው። በእነዚህ ወራት ሕዋሳቱ ወደ ብብት ንፍፊቶች የመሻገር ዕድላቸውም እያደገ ይሄዳል።

በአዲስ አበባ የጡት ካንሰር በተገኘባቸው ሴቶች ላይ የተካሄደና እ.ኤ.አ. በ2019 የታተመ ጥናት፣ ከሦስቱ አንዷ ያህል የመጀመሪያውን ምልክት ካየች በኋላ የጤና ባለሙያ እስክታማክር ከ90 ቀን በላይ እንደቆየች ያሳያል። ከምክንያቶቹ መካከል አንዱ ለእኛ በተለይ አሳሳቢ ይመስለናል፤ እርሱም «አያመኝም» የሚለው ነው። ሕመም የሌለበት እብጠት በሽታ አይደለም የሚል እምነት በሀገራችን ሥር የሰደደ ነው። በጡት ላይ ግን ነገሩ ወደ ተቃራኒው ያጋድላል፤ ከወር አበባ ጋር የተያያዘው እብጠት ብዙ ጊዜ ያማል፣ ካንሰሩ ብዙ ጊዜ አያምም።

እንግዲህ መጠበቅ እስከ መቼ ነው? የወር አበባዋ መጥቶ ካበቃ በኋላ እብጠቱ በነበረበት ካለ፣ ያን ጊዜ መመርመር ይገባል። እስከዚያም መጠበቅ የማያስፈልግባቸው ሁኔታዎች አሉ። እብጠቱ እንደ ጠጠር የጠጠረና ከሥሩ የማይነቃነቅ ሲሆን፣ ቆዳው ሲሰረጉድ ወይም እንደ ብርቱካን ልጣጭ ሲሆን፣ የጡቱ ጫፍ ወደ ውስጥ ሲገባ ወይም ደም ሲወጣው፣ በብብት ሥር ሌላ እብጠት ሲኖር፣ እናት ወይም እኅት በወጣትነቷ በጡት ወይም በማሕፀን ዕንቁላል ዕጢ ካንሰር ተይዛ ከነበረ በዚያው ሳምንት መሄድ ያስፈልጋል።

ከሐይቅ እስከ ደሴ

መንገዱ ከቅርብ ይጀምራል። በቀበሌዋ ያለችው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ሴት ስለሆነች ለመናገር ትቀላለች፤ ከእርሷ ወደ ጤና ጣቢያ፣ ከጤና ጣቢያ ወደ ሆስፒታል፣ እንዳስፈላጊነቱም ወደ ደሴ ሪፈር ይጻፋል። የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድን አባል ለሆነ ቤተሰብ ይህንን ቅደም ተከተል መጠበቅ ጥቅም አለው፤ ያለ ሪፈር ወረቀት በቀጥታ ወደ ላይኛው ሆስፒታል የሄደ ወጪው ላይሸፈንለት ይችላል። በነገራችን ላይ ይህ መድን እ.ኤ.አ. በ2011 ሲሞከር ከተመረጡት 13 ወረዳዎች አንዱ ሐይቅ ከተማ የምትገኝበት ተሁለደሬ ነበር፤ ስለዚህ በአካባቢው አሠራሩን የሚያውቅ ሰው አይጠፋም። የደሴ ሆስፒታል በ2014 ዓ.ም. በጦርነቱ ወቅት ብርቱ ዘረፋና ውድመት ደርሶበት እንደነበር የሚታወስ ነው፤ አንድ የምርመራ መሣሪያ መጥፋቱ ስንት ሰው ወደ 400 ኪሎ ሜትር እንዲጓዝ እንደሚያስገድድ የዚያ አካባቢ ሰው ከማንም ይልቅ ያውቀዋል።

ለመመርመር ስትሄድ እናቷን፣ እኅቷን ወይም ጓደኛዋን ይዛ መግባት ትችላለች። ሴት ባለሙያ እንድትመረምራት መጠየቅም መብቷ ነው፤ ሁልጊዜ ባይሟላም መጠየቁ ነውር አይደለም። በትንሽ ወረቀት ላይ እብጠቱ የተገኘበትን ቀን፣ የትኛው ጡት እንደሆነ፣ የመጨረሻው የወር አበባ የመጣበትን ቀን፣ መጠኑ ስለመለወጡና ስለ ቤተሰቧ የምታውቀውን ጽፋ ብትሄድ የሐኪሙን ግማሽ ጥያቄ መለሰች ማለት ነው።

በወሎ ቤት ውስጥ አስቀድሞ ወደ ጠበል ወይም ወደ ዱዓ መሄድ የተለመደ ነው። እምነቱን ለመዳኘት አልተነሣንም፤ ጠበልም ሆነ ዱዓ ከአልትራሳውንድ ጋር የሚጋጭበት አንዳች የፊዚክስ ሕግ የለም፤ በአንድ ሳምንት ሁለቱንም ማድረግ ይቻላል። የምንቃወመው አንድ ነገር አለ፤ እርሱም እብጠቱ ላይ ቅጠል መለጠፍ፣ መተኮስና መብጣት ነው። የተቃጠለና የቆሰለ ጡት ማሚቶው ይደበላለቃል፣ ቁስሉም በሽታ ይጋብዛል።

ምርመራው ሦስት እግር አለው፤ የሐኪሙ እጅ፣ ሥዕሉና መርፌው። ሦስተኛው ስሙ ከሥራው ይልቅ ያስፈራል። በሕክምና ቤቶቻችን የተለመደው ክትባት ከሚሰጥበት መርፌ ጋር በሚቀራረብ ቀጭን መርፌ ከእብጠቱ ጥቂት ሕዋሳትን መቅዳት ነው፤ የሚፈጀው ጥቂት ደቂቃ ነው። «መርፌ የነካው ካንሰር ይባባሳል» የሚለው ወሬ ብዙ ሴቶችን ከደጃፍ መልሷል፤ ይህን የሚደግፍ የሳይንስ ማስረጃ የለም። የተቀዳው በብርጭቆ ስላይድ ላይ ይቀባና ፓቶሎጂስቱ በማይክሮስኮፕ ያየዋል። በቂ ካልሆነ ወፈር ባለ መርፌ በማደንዘዣ ክር የመሰለ ናሙና ይወሰዳል። ሦስቱ እግሮች ከተስማሙ ውሳኔው አስተማማኝ ነው፤ ካልተስማሙ ምርመራው ይደገማል፣ ሐኪሙም «እስቲ እንደገና» ሲል ጥሩ ሐኪም ነው።

ውጤቱ ካንሰር ከሆነ ሕክምናው ቀዶ ጥገናን፣ መድኃኒትንና ጨረርን ያጣምራል። ለብዙ ዓመታት በሀገሪቱ የጨረር ሕክምና የሚሰጠው በጥቁር አንበሳ ብቻ ነበር፤ ከቅርብ ዓመታት ወዲህ ግን ጅማን በመሰሉ ከተሞችም ተጀምሯል። ቀድሞ የተደረሰበት ካንሰር ሁልጊዜ ጡትን ሙሉ በሙሉ ማስወገድን አይጠይቅም። በብዙ ወጣቶች ላይ እንደሚሆነው ፋይብሮአዲኖማ ከሆነ ደግሞ፣ ትንሽና የማያስቸግር እስከሆነ ድረስ ይተዋል። ከስድስት ወር በኋላ በዚያው በማሚቶ እንደገና ይለካል። መርማሪው በስክሪኑ ላይ ከጠርዝ እስከ ጠርዝ ሁለት ምልክት ያኖርና ርዝመቱን በሚሊ ሜትር ይመዘግባል፤ አዲሱ ቁጥር የሚነጻጸረው ከቀድሞው ወረቀት ጋር ነውና የመጀመሪያው የምርመራ ወረቀት በደብተር መካከል ታጥፎ ይቀመጥ፤ በሁለተኛው ቀጠሮ ከካርዱ ቀጥሎ የሚጠየቀው እርሱ ነው።